ግብፅ ላይ የተነበይኩ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት የምንማረው ዓርብ ዓርብ ነበር። ካይሮ ከሥራ የሚያርፈው ዓርብ ስለሆነ፣ እናቶቻችን ዛማሌክና ሄሊዮፖሊስ ከሚሠሩባቸው የሰው ቤቶች የሚለቀቁት ያን ቀን ነበር። እጃቸው በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከታች ከመንገዱ ደግሞ ጣዕሚያ የሚሉት የባቄላ ጥብስ ሽታ እየመጣ ሆዳችንን ያላውሰዋል። መምህራችን ጋሽ ደምሴ ነቢያትን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ስለሚወፍር የሚያንቀላፋ ልጅ አልነበረም።

አንድ ዓርብ ነቢዩ ኢሳይያስ በግብፅ ላይ የተናገረውን ጀመሩልን። ወንዙ ይደርቃል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ያለቅሳሉ የሚለው ላይ ሲደርሱ ሰዓት አለቀና የቀረው ለሳምንት ተባለ። ለኔ ግን የሰማሁት በቅቶኝ ነበር። ሞሃንዲሲን ውስጥ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል እንኖር ነበር፤ ያለችኝ ጓደኛ የዘበኛው ልጅ ናግላ ብቻ ናት። ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በዚያ ሳምንት ተሸንፋ ስትናደድ፣ በሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፊት “አገርሽ ግቢ” አለችኝ። እንግዲህ አምላክ ከኔ ወገን መሆኑን ከጋሽ ደምሴ ሰምቻለሁ አይደል? ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆሜ፣ ድምፄን እንደሳቸው አወፍሬ፣ ወንዙ እንዲደርቅ፣ ድርቁም ከናግላ ቤት እንዲጀምር ጸለይኩ።

እሑድ ውኃ ጠፋ። ትልልቆቹ ቧንቧ ፈነዳ አሉ፤ እኔ ግን ምክንያቱን “አውቅ” ነበር። ለየፎቁ ውኃ ማድረስ የዘበኛው ቤተሰብ ሥራ ስለሆነ፣ እርጉዟ የናግላ እናት ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ወሰዷት። ናግላ መጥታ በራችን ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ላባብላት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

በሚቀጥለው ዓርብ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

“ነቢይ ተልኮ ነው የሚናገረው። አንቺን ማን ላከሽ?” አሉኝ።

ከዚያ መጽሐፉን ሰጥተው ከግብፁ በፊት ያለውን ምዕራፍ አስነበቡኝ። ለካስ እሱ የኛው ነው፣ በኢትዮጵያ ላይ የተነገረ። የግብፁንም እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ፤ ያው የመታት አምላክ ይፈውሳታል፣ ሕዝቤ ብሎም ይባርካታል። ሴትዮዋን የጣላት ያንቺ ጸሎት አይደለም አሉኝ። ግን ፍርድ የባለቤቱ ነው፣ ለጎረቤት ጠብ አይዋሱትም አሉ።

የናግላ እናት ያለ ሕፃኑ ተመለሰች። ልጠይቃት ወርጄ እንባዬ ሲመጣ፣ ለሷ ያዘንኩ ብቻ መስሏት ራሴን ደባበሰችኝ።

“ማሌሽ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ።”

የጸለይኩትን አልነገርኳትም።

ዛሬ ልጆቼን የማሳድገው እዚሁ ካይሮ ነው። ቧንቧው ያረጀ እንደነበር ከገባኝ ቆይቷል። የዓባይ ወሬ በጋለ ቁጥር ግን በስልክ ግሩፓችን ላይ አንዱ ያችኑ ትንቢት ይልካል፤ ያውም እስከ ለቅሶው ድረስ ብቻ። ከሥሩ አሜን፣ አሜን ይከተላል። የሚጠሙት እኮ ዳቦ የምንገዛቸው፣ ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። የቀረውን ጽፌ ልልክ እጀምርና፣ ባንዳ እንዳልባል ፈርቼ አጠፋዋለሁ። ያኔ፣ የዚያ ጸሎት ነገር ሳምንት ሙሉ እህል አስጠልቶኝ ነበር። አሁን ስልኩን አስቀምጬ እራቴን እበላለሁ።