አባዬ ቪዮላዬን የሰማ ቀን

ቪዮላ የጀመርኩት ፈልጌው አይደለም። ቫዮሊን እማር ነበር፤ አስተማሪዬ አንድ ቀን ክንዴን አየና «አንቺ ረጅም ነሽ፤ ለቪዮላ ደግሞ ሰው የለንም» ብሎ ከቫዮሊን ተለቅ ያለ፣ ድምፁም ወፈር ያለ መሣሪያ አሸከመኝ። ሲግናል ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቻችን «ቫዮሊኑን ጉንፋን ያዘው እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። ሲበዛብኝ እንጦጦ ወጥቼ ባሕር ዛፍ መሀል እለማመድ ነበር። ባሕር ዛፍ አስተያየት አይሰጥም።

ዛሬ ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ መጫወት ሥራዬ ነው። አባዬ ግን ሥራ ነው ብሎ አያምንም ነበር። ከመገናኛ ሲኤምሲ ሚኒባስ እየነዳ አሳድጎኝ፣ አካውንቲንግ ያስተማረኝ ባንክ እንድገባለት ነው። ሁለት ጊዜ ኮንሰርት መጥቶ ሁለቴም ያለው አንድ ነው፤ «እጅሽ ሲሄድ ሲመጣ አየሁ፤ ድምፅሽን ግን አልሰማሁም።» እውነቱን ነው። ቫዮሊኖቹ ከላይ ይዘፍናሉ፣ ቼሎዎቹ ከታች ያጉረመርማሉ፣ እኛ መሀል ሆነን እናጣብቃለን። ስንጎድል እንጂ ስንኖር አንታወቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ባንክ የሥራ ማስታወቂያ አወጣ። አባዬ ፎርሙን ራሱ ይዞልኝ መጣ።

«በዚህኛው ኮንሰርት ከሰማሁሽ ቀድጄ እጥለዋለሁ። ካልሰማሁሽ ትሞዪዋለሽ።»

ተስማማሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

እሁድ ከሰዓት የሰርግ ኮቱን ለብሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሙዚቃው መሀል ላይ ቪዮላዎች አሥራ ስድስት ሜዠር፣ ማለትም አሥራ ስድስት የምት ዙር፣ ሳንጫወት የምንቆጥርበት ቦታ አለ፤ መጨረሻው ላይ ሌላውም ሰው ሁሉ ጸጥ ይልና እኛ አንድ ላይ እንገባለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም። ስቆጥር ቆይቼ አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ወደ አባዬ አየሁ። ዓይኑን ጨፍኗል። ተኛ እንዴ ብዬ ስጨነቅ ቁጥሩ ጠፋኝና በግምት ገባሁ፣ ያውም የቪዮላውን መምቻ ቀስት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቤ። ሌላ ማንም አልገባም። አንድ ሜዠር ቀድሜያለሁ። የኦርኬስትራው መሪ አፈጠጠብኝ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ፣ እስኪያልቅም ቀና አላልኩም።

በሚኒባሱ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ገና መገናኛን ሳናልፍ፣ «ሰማሁሽ» አለኝ።

ዝም ብል ፎርሙ ይቀደድልኝ ነበር። አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ስህተት ነው። ቀድሜ ገብቼ ነው።»

«ጠፍቶኝ ነው? ስትገቢ ዓይኔን ገልጬ ሰውየው ሲያፈጥብሽ አይቻለሁ።» ማርሽ ቀየረ። «የሞተር ድምፅ አንዴ ጆሮሽ ከያዘው መኪናው እስኪቆም ይሰማሻል። አንቺንም ያዝኩሽ። ወላሂ፣ ከዛ በኋላ አልጠፋሽኝም።»

አላመንኩትም። ሊያጽናናኝ ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሱ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ማንጎራጎር ጀመረ። የቫዮሊኖቹን ዜማ መስሎኝ ነበር፤ እሱን ማንም ይዞት ይወጣል። አባዬ ግን ዜማ የማይመስለውን፣ የመሀሉን፣ የኔን ነበር የያዘው።