አባቴ ኮታቸውን ያቀኑበት ቀን

ሊሙ ገነት ዝናብ ሲጠፋ ሰው ለዱዓ ሜዳ ይወጣል። ወንዶቹ ልብሳቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ፤ አላህ ሁኔታችንን እንዲሁ ይገልብጥልን ማለታቸው ነው። ሌላው ሰው ሲመለስ ያቀናዋል። አባቴ ግን ግትር ናቸው፣ ዝናቡ ካልመጣ ኮታቸውን አያቀኑም። የተቀደደ ገበራቸውን እያሳዩ ገበያ ሲዞሩ ጓደኞቻቸው «ዛሬም ኪስህ ውጭ አደረ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። ድሮ ቀልዱ ብዙ አይቆይም ነበር፤ ይዘንባል፣ ቡናው ያብባል፣ ኮቱም ይቀናል።

አምና የካቲት ላይ ትንሽ ካፊያ ጣለና ቡናውን አታለለው። አበባው ወጣ፣ ከዚያ ፀሐይ ጠበሰውና ረገፈ። እንደ ምንም የተረፈችው ፍሬ ተለቅማ ማድረቂያ አልጋው ላይ ስትሰጣ ደግሞ ያ የጠፋው ዝናብ ያለ ጊዜው መጥቶ አሻገታት። አባቴ ያኔም ኮታቸውን አላቀኑም።

«ይሄ የለመንነው አይደለም» አሉ።

ጎረቤቶቻቸው ቡናቸውን እየነቀሉ ጫት ተከሉ። እሳቸው «እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም» ብለው ማሉ።

እኔ ጅማ ነው የምኖረው፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ይሄ ሁሉ የወንጀላችን ውጤት ነው አሉኝ። ተናደድኩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው እሸት ያልቀጠፉ ሰው ራሳቸውን ሲከሱ መስማት አንገበገበኝ።

«የእርስዎ ወንጀል አይደለም፣ አባ። ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች በፋብሪካና በመኪና ጭስ ዓለሙን አሙቀውት ነው» ብዬ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አስረዳኋቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወንጀሉ የኛ ከሆነ ተውበት እናደርጋለን፤ አላህ መሐሪ ነው። የነሱ ከሆነ ግን እኔ ምን ላድርግ?»

 

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እነዚያ ሰዎች ተዉ?» ይሉኛል። ሽማግሌ ተልኮባቸው መልሱ የሚጠበቅ ይመስል።

«ገና ናቸው፣ አባ።»

«ኢንሻአላህ ይተዋሉ።»

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ስደውል አልጠየቁኝም። በማግስቱ ሄድኩ።

በር ላይ ተቀበሉኝ። ኮታቸው ቀንቷል፤ ገበሩ ውስጥ ገብቷል፣ ኪሱም ቦታው ላይ ነው። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ዘነበ እንዴ፣ አባ?»

«አልዘነበም። ግቢ።»

በትከሻቸው አሻግሬ ጓሮውን አየሁ። ለቡናው ጥላ የነበሩት ዋንዛዎች ወድቀዋል። ቡናው ከሥሩ ተቆርጧል፤ በየጉቶው መሃል የጫት ችግኝ ቆሟል። ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። የዚያን ቀንም ሜዳው ላይ ዱዓ ነበረና የኢማሙ ድምፅ እኛ ጋ ይደርሳል። ሰዉ አሚን ሲል እኔም አልኩ።

አባቴ አሚን አላሉም።