ያላቆምነው ጨዋታ

ትናንት ከሰዓት፣ በማስተምርበት የኮምፒውተር ክፍል አንድ አሮጌ ማሽን ሞቆ የአቧራ ሽታው አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ሁለት ተማሪዎቼ የሠሩት የቃል ግመታ ጨዋታ አላቆም ብሎ አስቸገራቸው። ቃሉን አግኝተዋል፣ «ጎበዝ» ብሏቸዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ «ፊደል አስገባ» እያለ ይጠይቃል። እነሱ ይንከተከታሉ። እኔ እዚሁ ሶዶ ዘጠነኛ ክፍል ወደተማርኩበት ዘመን ጭልጥ ብዬ ሄድኩ።

ያኔ የኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነበር። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ይባላል፤ የዚያ ሁሉ ልጅ ካልሲ ሽታ ምን እንደሚያደርገው የጠየቀ አልነበረም። የምንቀመጠው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው፤ ለእኔ የደረሰችኝ የአስተማሪ ልጅ የሆነችው ምሕረት ነበረች፣ ኪቦርዱን ለማንም የማታስነካ። እኛም ይህንኑ የቃል ግመታ ጨዋታ ሠርተን ነበር፤ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቃሉን ከቤታችን ቋንቋ እየመረጠች ትደብቅብኝ ነበር። አንዴ ቦይናን፣ ጎደሬን ማለት ነው፣ ደበቀችብኝና፣ ለምሳ ጠግቤው የመጣሁትን ሥር መገመት አቅቶኝ ቀኑን ሙሉ ሳቀችብኝ።

የእኛም ጨዋታ አያቆምም ነበር። መምህራችን ጎንበስ ብሎ አየና «የሚሞላ ባዶ የፊደል ቦታ ሲያልቅ አቁም በሉት እንጂ፣ እሱ በምን ያውቃል?» አለን። የሚጨመረው አንድ መስመር ነው፣ ገብቶናል። የክፍሉ ሕግ ግን የጨረሰ ጫማውን አድርጎ ይውጣ፣ ያልጨረሰ ይቆይ የሚል ነበርና፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር ያችን መስመር ተውናት። እናቴ እህል ልትነግድ ወደ በዴሳ ሄዳ ትሰነብታለች፤ ቤቱን ከፍቼ የምገባው እኔው ነኝ፣ «መጣህ?» የሚለኝ ሰው የለም። እዚያ ማሽኑ ፊደል ይጠይቀኛል፣ ምሕረት ትስቅብኛለች፣ በር ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ይጠብቀናል።

አንድ ቀን አባቷ ወደ ቦዲቲ መዛወሩን ነገረችኝና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችው። መስመሯን ጻፈች። ስትሞክረው «ጎበዝ» አለና ዝም አለ።

«ለምን ጨረስሽው?» አልኳት።

«እኔ ከሄድኩ እዚህ ብቻህን ትቀመጣለህ አይደል? ውጣ ደግሞ፣ ከልጆቹ ጋር ኳስ ተጫወት።»

ጫማዋን አስራ ወጣች፤ እኔ በካልሲዬ ቆሜ አየኋት። በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ እንዳሰበችልኝ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ቦዲቲ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ በዚያው ያልፋል፤ በመስኮት የማያትን ሴት ሁሉ ፊቷን አያለሁ፣ ወርጄ ግን ፈልጌያት አላውቅም።

«ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚያቆመው?» አሉኝ ልጆቹ። እጄ ወደ ኪቦርዱ ሄዶ ተመለሰ።

«ነገ እናየዋለን፣ ዛሬ ተጫወቱ» አልኳቸው።

በአሁኑ ጊዜ ጫማ የሚያወልቅ የለም። ሲበቃቸው እየተገፋፉ፣ አብረው እየሳቁ ወጡ፤ እኔም ማሽኖቹን አጥፍቼ ክፍሉን ቆለፍኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን ከፍቼ የምገባው ዛሬም እኔው ነኝ። ትናንት በሩን ከፍቼ ገባሁና፣ መብራቱን ሳላበራ ትንሽ ቆምኩ፤ አንድ ሰው ፊደል ቢጠይቀኝ ብዬ ተመኘሁ።