እህቴ የጠበቀችው አፕዴት

ዓይኔን ያጣሁት በልጅነቴ፣ ዘጌ ሳለን ነው። በሽታው መጀመሪያ አንደኛውን፣ ቆይቶ ሁለተኛውን ወሰደው። አባታችን መሪጌታ ነበሩና፣ ማየት የተሳነው ልጅ ዜማ ቢማር ከሰው በታች አይሆንም ብለው ከእግራቸው ሥር አስቀመጡኝ። የተማርሁት ሁሉ በጆሮ ነው፤ እሳቸው ይሉታል፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ ከተሳሳትሁ እንደገና ይሉታል። ታላቅ እህቴ ትምህርቷን ጨርሳ ባሕር ዳር በሒሳብ ሠራተኛነት ስትቀጠር ግን፣ "እሱን ለእኔ ይስጡኝ፤ ከተማ ሌላም የሚማረው ነገር አለ" ብላ ለመነቻቸው። ብዙ አሰቡና ሰጧት። በጀልባ ተሻገርን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ እሷ ያለችበት ሆነ።

እኔ እቴ እላታለሁ፤ እሷ ወንድምዓለም ትለኛለች። መሥሪያ ቤት ስትሄድ ቁርሴን ሸፍና ትተውልኛለች፤ ማታ ስትመለስ ቀኑን ሙሉ ያየችውን ሁሉ ትነግረኛለች። ማን ምን ለብሶ እንደመጣ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ከመንገዱ ዘንባባ የትኛው እንደተቆረጠ። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄያት፣ "የሚያስቀኝ አጣሁ" ብላ ዘጋችው።

ካደግሁ በኋላ የሙዚቃ አቀናባሪ ሆንሁ። ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው የኪራይ ቤታችን አንዷን ክፍል በስፖንጅና በብርድ ልብስ ሸፍነን ስቱዲዮ አደረግናት። የሠርግ ዘፋኞች ይመጣሉ፣ ዘማሪዎች ይመጣሉ። ጆሮዬም ጣቶቼም ሥራውን ያውቁታል። ያስቸገረኝ ኮምፒውተሩ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለኝ፤ መልእክት አነብበታለሁ፣ ዜና እሰማበታለሁ። የሙዚቃ መሥሪያው ሶፍትዌር ግን ከዚህ አንባቢ ጋር አይግባባም። እሱን ስከፍት አንባቢው ዝም ይላል። የት እንዳለሁ፣ ምን እንደነካሁ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ የሚያነብልኝ እህቴ ሆነች። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ትቀመጥና የድምፁን ከፍታ የሚያሳዩትን ቀለሞች ትነግረኛለች።

"አረንጓዴዋ ወደ ላይ ወጣች። አሁን ቀይ ነካች።"

"ቀንሺያት።"

"የቷን?"

"የክራሩን።"

"ክራሩ የቱ ነበር? ሁለተኛው ነው ሦስተኛው?"

ጆሮ የሚባል ነገር አልነበራትም። የተቃኘውንና ያልተቃኘውን ክራር አትለይም። "ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ አንተ ቀንሺ ካልኸኝ እቀንሳለሁ" ትላለች። በዚህ ሁኔታ አንድ ዘፈን ለመጨረስ ሦስት ምሽት ይፈጅብን ነበር፤ አንዳንዴም ሳምንት። እሷ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ውላ ትመጣለች፤ ዓይኗ ደክሞ ሲያነባ፣ በመሀረብ ስትጠርገው ይሰማኛል።

አንድ ቀን ከበር ሳትገባ ጀምራ ተጣራች። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች የሚቀጥለው አፕዴታቸው ከዓይነ ስውራን አንባቢ ጋር የሚግባባ እንደሚሆን በገጻቸው ላይ አስታውቀዋል። ቢሮ አንብባው ኖሯል። እጄን ይዛ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። እያንዳንዱ ቁልፍ ይናገራል፣ እያንዳንዱ መስመር ስሙን ይናገራል። ከፋሲካ በፊት ይወጣል ተባለ።

ፋሲካ አለፈ። ከክረምት በኋላ ተባለ። ክረምቱም ወጥቶ መስቀል ሲደርስ፣ "ጥራቱን ለማረጋገጥ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገናል" የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ ቀንም አልነበረው። እኔ ተናደድሁ። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ስልኬን አስነብባለሁ፣ ምሳ ሰዓት አስነብባለሁ፣ አንድ መልእክት በገባ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። እሷ ደግሞ ከእኔ ብሳለች። በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛዋ፣ በሙሉ አክብሮት፣ ጻፈችላቸው። መልስ መጣላት። ሻይ እያፈላሁ ጮክ ብላ ተረጎመችልኝ።

"ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ይላሉ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ትዕግሥት አላት ብሎ የነገራቸው ማን ነው?"

በጣም ሳቅን። ያን ሰሞን ከሐሙሲት የምትመጣ አንዲት የሠርግ ዘፋኝ ዘፈን ይዘን ነበር። ቀረጻው አልቆ ማቀነባበሩ ቀርቶናል። አፕዴቱ ሲወጣ በእሱ የምንሠራው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ዘፈን ይሁን ብለን ተስማማን፤ ዘፋኟም "የእኔ ሠርግ አይደለም የሚያልፈው፤ እጠብቃለሁ" አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን። አንድ ቅዳሜ እህቴ አልበላችም። እሾሁን እየለቀመች ሥጋውን ለእኔ ታስቀምጣለች እንጂ ወደ አፏ ስትወስድ አልሰማሁም።

"ምነው፣ ዓሣው አልጣመሽም?"

"ጥሩ ነው።"

"ታዲያ?"

ከአጠገባችን ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች።

"ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ የሄድሁት ለስብሰባ አልነበረም። ለምርመራ ነው። ጉበቴ ነው አሉኝ።"

"ታክመሽ ትድኛለሽ።"

"እንደማይድን ነግረውኛል፣ ወንድምዓለም። አንተን አልዋሽህም።"

ከዚያ በኋላ የተናገርነው ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ እጇ ነው፤ ዓሣ የነካው እጇ በእኔ እጅ ውስጥ ሆኖ መንገዱን በሙሉ አለመልቀቁ። ቤት ስንደርስ ግን ጫማዋን አወለቀችና ስቱዲዮ ገባች። "ና፣ እንሥራ" አለችኝ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ አፕዴቱን የምትጠብቀው እሷ ሆነች። ከእንቅልፏ ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ "ወጣ?" ነው። አልወጣም ስላት ትቆጣለች። "እኔ ከሌለሁ ማን ሊያነብልህ ነው? ሰው ትቀጥራለህ? ሰው ሰልችቶት ይሄዳል" ትለኛለች። ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት ገጽ ገብታ ትጠይቃለች፤ መታመሟን ግን ለማንም አልጻፈችም። እኔ በልቤ ሌላ ነገር ጀመርሁ። ለማንም ያልነገርሁት ነው። አፕዴቱ እስካልወጣ ድረስ እሷ የምትሄድ አልመሰለኝም። እኔን ለማንም ሳታስረክብ የምትሄድ ሴት አይደለችም ብዬ አሰብሁ። "አሁንም ዘግይቷል" የሚል ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር እሷ ስትበሳጭ እኔ ጭንቀቴ ቀለል ይለኝ ነበር።

ሥራዋን ከተወች በኋላ አልጋዋን ስቱዲዮው ውስጥ አደረግንላት። ድምፅ ስለማይገባ ትወደዋለች። ኩባንያው የአዲሱን አፕዴት መመሪያ አስቀድሞ ገጹ ላይ አውጥቶት ነበርና፣ የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው ጋር ብጫን ምን እንደሚሆን እሷ ታነብብልኛለች፣ እኔ እደግመዋለሁ። አባታችን ዜማ እያስደገሙ እንዳስቀጸሉኝ፣ እሷም ገና ያልተወለደውን ሶፍትዌር በቃሌ አስያዘችኝ።

"መስመር ለመጨመር?"

እነግራታለሁ።

"ለመቁረጥ?"

እነግራታለሁ።

"የሠራኸውን ለመመለስ?"

አንዳንዴ መልሱን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትነቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሕመሙ ሲበረታባት እንኳ፣ "ሌላ ጠይቂኝ" ስላት ትጠይቀኛለች። የምችለው ያንን ብቻ ነበር፤ ማጥናት።

ከዚያ ኢንተርኔት ተዘጋ። መጀመሪያ የስልኩ ዳታ ሄደ፤ ዋይፋይ ያላቸው ሆቴሎች ነበሩና በባጃጅ እየሄድሁ አይቼ እመለስ ነበር። ቆይቶ እሱም ሄደ። እህቴ "ወጣ?" ስትለኝ "መስመር የለም፣ እቴ" እላታለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጥያቄዋ አጠረ፤ ቅንድቧን ብቻ ታነሣለች አሉኝ ሊጠይቋት የመጡ የሥራ ባልደረቦቿ። እኔ ይህን አላየሁም። ጣቷ መዳፌን ሲጫን ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባኝ ነበር፤ "ገና ነው" እላታለሁ።

ያረፈችው አንድ ቀን ጠዋት ነው። እጇን ይዤ ነበር። መሄዷን ያወቅሁት በትንፋሿ ነው፤ ለማዳመጥ የሠለጠነ ጆሮ ባይኖረኝ ያን ቀን ደስ ባለኝ። በጀልባ ወደ ዘጌ ወሰድናት፤ አባታችን ባረፉበት ደብር፣ ከእሳቸው ጎን ቀበርናት። ካህናቱ ሲያዜሙ እኔም ከልጅነቴ የማውቀውን ዜማ አብሬ ልል አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከአርባዋ በኋላ ነው። ከቤት ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ባንዴ ይንጫጫ ጀመር፤ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ ገባ። አንባቢው አንድ በአንድ ይነግረኛል። የባንክ፣ የማስታወቂያ፣ የዘፋኟ፣ እንደገና የማስታወቂያ። መካከል ላይ የኩባንያው ስም መጣ። "አዲሱ አፕዴት ዛሬ ወጥቷል።" ቀኑን አስነበብሁት። አንድ ጊዜ ሰምቼ አላመንሁም፤ እንደገና አስነበብሁት። የወጣው እሷ ከማረፏ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። እኔ "ገና ነው" ስላት ወጥቶ ነበር። መስመሩ ስላልነበረ አላወቅንም።

ያን ቀን ምንም አልሠራሁም። በሌላው ቀንም። ባጃጅ ይዤ ሐይቁ ዳር ሄድሁና ዓሣ አዘዝሁ፤ እሾሁን መልቀም ስላቃተኝ ትቼው ተነሣሁ።

ሶፍትዌሩን ያወረድሁት ዘፋኟ ደውላ ካጽናናችኝ በኋላ ነው። ስለ ዘፈኑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ያኔ ነው ሥራዋ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ። ጫንሁት። ከፈትሁት። ያ ለዓመታት ዝም ያለኝ ገጽ ተናገረ። በባዕድ አፍ ነው የሚናገረው፤ እህቴ በቀድሞ ሥራዎቻችን ለመስመሮቹ ስም ብላ በላቲን ፊደል የጻፈችውን "ክራር"ንና "ማሲንቆ"ን እያጣመመ ይጠራል። እሷ ያስጠናችኝን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ሠሩ። ያንን አንዱን በኋላ ቀይረውት ይሆናል፤ እሷ ተሳስታ ማንበቧን አላምንም።

ከዚያ የሐሙሲቷን ዘፈን ከፈትሁና ከመጀመሪያው አስጀመርሁት። ከሙዚቃው በፊት የእህቴ ድምፅ መጣ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።"

ረስቼው ነበር። የማሲንቆው ተጫዋች በማሽን ቆጠራ አልጫወትም ብሎ አስቸግሮን፣ እሷ ነበረች የቆጠረችለት። ሦስትን ከሁለት አስጠግታ፣ አራትን አዘግይታ፤ ጆሮ እንደሌለው ሰው ነው የቆጠረችው። ማሲንቆው ግን ተከትሏት ገብቷል። መልሼ አጫወትሁት። መልሼ አጫወትሁት። ጎረቤት በሩን አንኳኩታ "ምነው፣ ደህና ነህ?" እስክትለኝ ድረስ እያለቀስሁ መሆኔን አላወቅሁም።

ዘፈኑ የእህቴ ሳይሆን የዘፋኟ ነው፤ ሰው ሠርጉ ላይ ቆጠራ መስማት አይፈልግም። ቅጂውን ለብቻው አስቀመጥሁና ከዋናው ላይ ቆረጥሁት። በራሴ እጅ፣ ማንም ሳያነብልኝ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ የቆረጥሁት የእሷን ድምፅ ነው። የቀረውን በዚያው ከሰዓት ጨርሼ ላክሁላት።

ዘፋኟ ሰምታው ወዲያው ደወለች። "እንዴት አድርገህ አሳመርኸው! ማን እያነበበልህ ሠራኸው?"

"ብቻዬን ነው።"

"እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ" አለችኝ። ከልቧ ነው። አመሰገንኋት።

አሁን ብዙ ሥራ አለ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል፤ ያለ ረዳት መሥራቴ ይገርማቸዋል። ከእህቴ ጋር ሦስት ምሽት ይፈጅብን የነበረውን በአንድ ከሰዓት እጨርሳለሁ፤ ለተረፈው ጊዜ ግን የማደርገው የለኝም። እሷ ከመሥሪያ ቤት ትወጣበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ ማሽኑን አጠፋና በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። መንገደኛ ያልፋል። ሐይቁ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው የሚነግረኝ የለም።