ሽንት እምቢ ያላቸው ሰው

እንጅባራ ወደታሰርኩበት ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። አሥራ ስድስት ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ እግሩን መሀል ላይ አነባብሮ ተቀምጧል። ክፍሏ የድንች መጋዘን ስለነበረች እርጥብ አፈር ትሸታለች። ብርዱ ከሲሚንቶው ተነስቶ አጥንት ይገባል።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለምን እንደታሰርኩ ስጠይቅ «ይጣራል» ብቻ ተባልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌ ቁርስ አልበላም አሉ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ የሚፈለገው ልጃቸው ስለታጣ በእሱ ፈንታ ነው የታሰሩት። ሆዳቸውን ይዘው በአገውኛ ያጉተመትማሉ። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው እያፈሩ በአማርኛ ነገሩኝ፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሽንት እምቢ ብሏቸዋል። ዳሰስኳቸው። ከእምብርታቸው በታች ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

በሩን ደበደብኩ። ተረኛው ፖሊስ ሽንት ቤት የሚወጣው ጠዋትና ማታ መሆኑን አስረዳኝ። ችግሩ ሽንት ቤት ሳይሆን መውጫው መዘጋቱ ነው አልኩት።

«ታዲያ ውኃ አይጠጡ» አለና የውኃ ፕላስቲካቸውን ይዞ ሄደ።

እንደገና ደበደብኩ። አሁን አዛዡ መጣ። እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስረዳሁት። ሰው ውኃ ጠጣም አልጠጣም ኩላሊት ደም ያጣራል፤ ያጣራው ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፊኛው ሞልቶ መውጫ ካጣ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ኩላሊት ሥራውን ካቆመ መርዙ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ ልብም አይተርፍም። ጣቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ ወለሉ ላይ ሁለት ኩላሊት፣ ሁለት ቱቦና አንድ ፊኛ ሣልኩለት።

አዛዡ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «እነዚህ ሁለት መንገዶች የሚገናኙት የት ነው?» አለኝ።

«ሰውዬው ሆድ ውስጥ» አልኩት።

ቀጥሎ የወረቀት ነገር መጣ። ያለ ሐኪም ወረቀት እስረኛ አይወጣም፤ ሐኪም ደግሞ በሽተኛውን ሳያይ ወረቀት አይጽፍም። ይህንኑ ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለቴም ትክክል የሆነ መሰለው። ሽማግሌውን ላብ አጠመቃቸው።

ምሳ ሲመጣ ሁላችንም አንቀበልም አልን። ማንም አልጮኸም። ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌውን በሁለት ፖሊስ አጅበው በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

አመሻሽ ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቶላቸው፣ የሽንት ከረጢታቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። ፊታቸው ተፈቷል። ወዲያው ቆጠራ ሆነ። በቆጠራ ጊዜ ሁለቱንም እጅ ጭንቅላት ላይ ማድረግ ግዴታ ነው። ተረኛው «ሁለቱንም» አላቸው። ሽማግሌው ከረጢቱን አላስቀመጡም።

«ልጄ፣ ይኼኛው እጄ ሥራ ይዟል። ባንዱ ቁጠረኝ።»

ፖሊሱ ባንዱ ቆጠራቸው።

እሳቸው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ደኅና እንደሆኑ ሰምቻለሁ። እኔንም ያለ ክስ ለቀቁኝ። ሰዎች ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ የሚጠብቁት የድብደባ ታሪክ ነው። እኔን ዛሬም የሚያናድደኝ ያ ቀን ነው። ሰው መሽናት እንዳለበት ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም በየቀኑ የሚሸና ሰው ነው።