ትራምፔት ነፊውን ያጎረስኩ ቀን

ዳውንታውን ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራ ጋናዊ ባዋሰኝ ሲዲ የተነሳ ሃይላይፍ የሚሉት የጋና ሙዚቃ ሱሰኛ ሆኜ ነበር። በተለይ ሲዲው ላይ ያለው ትራምፔት ነፊ ልቤን ወስዶታል። እኚሁ ሰው፣ አሁን ሰባ ያለፋቸው አዛውንት፣ ከድሮ ባንዳቸው ጋር ኦሮራ ከተማ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ሊጫወቱ ነው ሲባል ከሥራ ኦፍ ወስጄ ከጓደኛዬ ጋር ከመድረኩ ሥር ተቀመጥኩ።

ጊታሩ ብቻውን ሲጫወት አዛውንቱ ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመው ላባቸውን ይጠራርጋሉ። ፊቴ ክትፎ ቀርቧል። እሳቸው ቆመው እኔ እንዴት ብቻዬን እበላለሁ? ጠቅልዬ ተነሳሁ።

"ተራዬ ሊደርስ ነው" አሉኝ።

"በሞቴ!" ብዬ አጎረስኳቸው። "እኛ ጋ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛው አይቀርም።"

ወዲያው ተራቸው ደረሰ። ጉንጫቸው ተወጥሯል፤ ትራምፔቱ ደረታቸው ላይ ቀርቷል። ጊታሪስቱ ያንኑ ዜማ ደገመ፣ ሠለሰ። ጓደኛዬ "ምን አደረግክ?" ብሎ አፈጠጠብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ ዋጡ። አሁን ሊነፉ ነው ስል ትራምፔቱን ጭራሽ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ሁለተኛውስ? እንዳንጣላ!" ብለው አፋቸውን ከፈቱ።