የምርኮኛው ፊት

እጅጋየሁ የቆሸሸ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሄዳ እንኳ የቡና ሲኒ ካላጠበች እንቅልፍ የላትም። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ሆዜ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ፓሎ አልቶ የሚኖሩትን የፕሮፌሰር ሃርላንን ቤት ታጸዳለች። ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ከጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲሞቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ።

አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍተው አሳዩዋት። አንዱ ሳንቲም ላይ ፈረሰኛ ጦሩን ሰብቋል፣ ሌላው ላይ የጦር ሰራዊት ሰንደቅ ቆሟል። ዓይኗ የቀረው ግን ሦስተኛው ላይ ነው። ከጠላት የተገፈፈ፣ ደረት የሚሸፍን የብረት ጥሩርና ጦር እንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ አንድ ሰው የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ምርኮኛ ነው አሏት።

ታናሽ ወንድሟ አምሐ ወታደር ሆኖ ኤርትራ፣ አፋቤት ላይ ከተዋጋ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል፤ መንግሥት ሞተም ተማረከም አይል። ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው ሰዎች ተማርኮ ይሆናል ስላሏት በዚያው ተጽናንታ ትኖራለች። ከሞት ይሻላል ብሎ ለወንድም ምርኮን መመኘት ለማንም አይስጥ። ፕሮፌሰሩ ጄኔቫ ቀይ መስቀል የሚሠራ ወዳጅ አላቸውና ደውለው ሊያስጠይቁላት ቃል ገብተዋል።

ማክሰኞ ዕለት ሽማግሌው ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሳጥኑ እንደተከፈተ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። የምርኮኛው ፊት ጠቁሮ አይለይም። እናቷ የአንገት መስቀሏን በአመድና በሎሚ ስትፈትግ እያየች ያደገች ሴት ምን ታድርግ? ከምድጃው አመድ ዘገነች፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ አሸችው። ብሩ አበራ። ምርኮኛው ግን የለም። ለካ ድሮውንም አልቆ ኖሯል፤ መልኩን ይዞለት የቆየው ጥቁረቱ ነበር። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ አገላበጠችው። ጥሩሩ አለ፣ ጦሩ አለ፣ ሰውየው የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእጅጋየሁ ግን የሚለቀም አልሆነም።

ሽማግሌው ሲመለሱ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በማጉያ መነጽር ብዙ ካዩት በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቋት።

«ፊቱን ላየው ብዬ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«እሱ እኮ የተሸነፈ አገር ምልክት ነው። ስም ያለው ሰው አይደለም» አሏት።

«እናቱ ስሙን ታውቀው ነበር» አለች።

ሳጥኑን ቆለፉት፤ ከዚያ በፊት ቆልፈውት አያውቁም። ስለ ጄኔቫው ስልክ ልትጠይቃቸው ፈልጋ ሳትጠይቅ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አውቶቡስ ውስጥ አመዱ ገና ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም። የአምሐን ፊት ልታስታውስ ጀመረችና፣ አብዝታ ብታስበው የሚጠፋባት መስሏት፣ ፈርታ ተወችው።